በፍንጃል አፍ ልክ

ከእኔ አፍ የሚያባብል ቃል አይወጣም። ይህን ሚስቴ ባሕሪያ ታውቃለች፣ የገዳሪፍ ገበያ ያውቃል፣ ከሱቄ የሞተር ዘይት የሚገዛ ሹፌር ሁሉ ያውቃል። አንዱ መኪናውን በር ላይ አቁሞ «አያ አኑዋር፣ ይቺ ሞተር ትድን ይሆን?» ሲለኝ፣ የማትድን ከሆነች አትድንም እለዋለሁ። ደንበኛ አጥቼበታለሁ። ይጥፋ! የሞተ ሞተር ላይ ዘይት አስገዝቼ የምበላው እንጀራ አይዋጥልኝም። መብራህቱም የወደደኝ በዚህ ጠባዬ ነበር።

መብራህቱ በያጅ ነው። የሑመራ ሰው ነው፤ የትግራይ ጦርነት ሲነሳ ሚስቱን መብርሂትንና ሴት ልጁን ይዞ ወንዙን ተሻግሮ ሱዳን ገባ። ቤተሰቡ ኡም ጋርጉር ካምፕ ቀረ፣ እሱ ከተማ መጥቶ ከሱቄ ጎን ያለችውን ጠባብ ክፍል ለብየዳ ተከራየ። እኔ የመተማ ልጅ ነኝ፣ እዚህ አገር ጢሜ ሳይወጣ ገብቼ ጢሜ ሸበተ። ከወዲያ ማዶ የእሱ አገር ሰውና የእኔ አገር ሰው ሲገዳደሉ፣ እኛ ከአንድ ሳህን ፉል እንበላ ነበር። ስለዚያ ነገር አንድም ቀን አላወራንም። የምናወራው ስለ ጎልፍ ነበር።

አዎ፣ ጎልፍ። ሳቅህ ከመጣ ሳቅ፣ ባሕሪያም እስኪበቃት ስቃለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካርቱም ላይ ጦርነቱ ከፈነዳ በኋላ የገዳሪፍ ገበያ በሰው ቤት ዕቃ ተጥለቀለቀ። ፍሪጅ፣ የሙሽራ አልጋ፣ የሕፃን ጋሪ፣ ከነፎቶው የተሸጠ የግድግዳ ፍሬም ሁሉ መጣ፤ ከየት መጣ ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም። እኔም አንድ ቀን እስከ ደረቴ የሚደርስ የቆዳ ከረጢት አየሁ። ውስጡ ጫፋቸው የተቆለመመ የብረት ዘንጎች ታጭቀዋል፣ በኪሱ ነጫጭ ኳሶች አሉ። ዱላ መሰሉኝ። ሌላ ምን ይመስላል? ድንበሩ ላይ፣ ገላባት፣ ከብት የሚነዳ ሰው ጥሩ ዱላ እንደሚወድ ስለማውቅ ጭኜ ወሰድኳቸው። ራሳቸው ትልልቅ የሆኑት በቀላሉ ተሸጡ፤ አንዱን የአርማጭሆ በሬ ነጋዴ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ እንደ ጌታ እየተንጎማለለ ሄደ። ቀጫጭኖቹን የፈለገ ስለጠፋ መልሼ ሱቅ ጥግ አቆምኳቸው።

ከዚያ ኢሀብ መጣ። ኢሀብ የባሕሪያ የአክስቷ ልጅ ነው፤ ካርቱም ተወልዶ ያደገ፣ አማርኛ ሲናገር ግማሹ ዓረብኛ የሚሆንበት፣ እኔንም አጎቴ ለማለት «ዓሚ» የሚለኝ ጎረምሳ። ከካርቱም ወደ መደኒ፣ ከመደኒም ሸሽቶ ወደ ፖርት ሱዳን የሚሄድ መኪና እስኪያገኝ እኛ ቤት አረፈ። ሱቅ ገብቶ ያንን ከረጢት ሲያይ ክው ብሎ ቀረ።

«ዓሚ አኑዋር፣ ይሄ የጎልፍ ነው! ወላሂ የጎልፍ ነው! ትልልቆቹስ?»

«ሸጥኳቸው።»

«ለማን?»

«ለበሬ ነጋዴ።»

ራሱን በሁለት እጁ ይዞ ተቀመጠ። ለካ ልጁ ካርቱም ውስጥ ፈረንጆችና ሀብታሞች ጎልፍ የሚጫወቱበት ቦታ ከረጢት ሲሸከም ኖሮ፣ ኋላ እሱም ተጫዋች፣ ኋላም አስተማሪ ሆኖ ነበር። ያን ቀን ከሰዓት እኔንና መብራህቱን ይዞን በሾዋክ መንገድ ወጣ፣ ማሽላው የታጨደበት ሜዳ ላይ አቆመን። አንዲት ግራር አለች፤ ከሷ ሥር ጀምረን ወዲያ ማዶ በሚቆፈር ጉድጓድ ውስጥ ኳሷን በትንሽ ምት ማስገባት ነው አለን። ብዙ የመታ ይሸነፋል። ይህ ብቻ ነው ጨዋታው።

እኔ መታሁ፣ አቧራ ተነሳ፣ ኳሷ እዚያው ናት። መብራህቱ ዱላውን ተቀበለኝ፣ እግሩን ከፈት አድርጎ ቆመ፣ መታ። ድምፁ ሌላ ነበር። ኳሷን ስንፈልጋት ቆየን፤ በጣም ሩቅ ናትና።

ኢሀብ ዱላውን ከእጁ ተቀብሎ አገላብጦ አየው። ከዚያ «የት ነው የተማርከው?» አለው።

«የትም። ልጅ ሆኜ የገና ጨዋታ እጫወት ነበር። እኛ ጋ ቃርሳ ነው የሚባል።»

በሚቀጥሉት ቀናት ኢሀብ የሚያውቀውን ሁሉ አሳየን፤ ጉድጓዱን ገና ስላልቆፈርን የተተከለ እንጨት ላይ ነበር የምናነጣጥረው። ካርቱም ሣር ስለማይበቅል ጉድጓዱ ዙሪያ አሸዋ ደልድለው ዘይት ያፈሱበታል አለን፤ የተቃጠለ ዘይት ደግሞ እኔ ጋ ሞልቷል። ሊሄድ ሲል፣ መኪናው ላይ ከወጣ በኋላ፣ መብራህቱ ከታች ሆኖ ጠየቀው። «ጉድጓዱ ስፋቱ ምን ያህል ነው?»

«ካፕ ነው የሚሉት» አለ ኢሀብ፣ ሞተሩ እየጮኸ። «ካፕ ማለት ፊንጃን ማለት ነው። ፊንጃን!»

እነሱ ፊንጃን ይላሉ፣ እኛ ፍንጃል እንላለን፤ ነገሩ አንድ ነው፣ በመዳፍ የምትጠፋ የቡና ዕቃ። መብራህቱ ለልክ ሲባል የሚሞት ሰው ነው። ከባሕሪያ መደርደሪያ አንዷን ፍንጃል አንስቶ ወሰደ፣ በአፏ ልክ ላሜራ ጠቅልሎ በየደ፣ ሞረደ፣ ቀለበቱን አሸዋው መሀል ቀበረው። ኳሷን ጣል ስናደርግባት ትንሽ ክፍተት ነው የሚቀራት። እጃችንን በአፋችን ጫንን።

«እነዚህ ሰዎች ግን ሰዎች ናቸው?» አልኩ።

«ለዚህ ነው ሀብታም ብቻ የሚጫወተው» አለ መብራህቱ። «ዕድሜ ልክ ይፈጃል።»

ኔትወርክ ጠፍቶ የሚከርምበት ጊዜ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ ሲመጣ አጭር ቪዲዮ አይተናል፤ ነጭ ሱሪ የለበሰ ሽማግሌ ከሩቅ ገፋ አድርጎ ያስገባታል፣ ጉድጓዱ በስልኩ ላይ የሰሊጥ ፍሬ አክሎ ይታያል። ሽማግሌው አልደነገጠም፣ አልዘለለም፣ ባርኔጣውን ነካ አድርጎ ሄደ። መብራህቱ ያንን ሽማግሌ ለወራት ሲያስበው ኖረ።

ኢሀብ ሌላም ነገር ብሎት ሄዶ ነበር፣ ዋናውም እሱ ነው። «እኔ ዶሃ ልሄድ ነው። እዚያ ለማስተማር ሰው ይፈልጋሉ። ከግራሩ እስከ ጉድጓዱ ጥሩ ተጫዋች በአራት ምት ይጨርሳል። ሳምንቱን ሙሉ በየቀኑ በአራት ከጨረስክ ደውልልኝ፣ ስሜን አስይዤ አስገባሃለሁ። ካልሆነልህ ግን አታሳፍረኝ።» የስልክ ቁጥሩን ሰጠው። መብርሂትንና ልጁን ከካምፕ የሚያወጣ ሌላ መንገድ መብራህቱ አልነበረውም፤ ይህን እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ።

እናም አሥር ሰዓት ሲል ሱቄን ለባሕሪያ ትቼ፣ እሱ መበየጃውን ነቅሎ፣ ወደ ሜዳው እንወጣለን። ሜዳው ዋልካ፣ ጥቁር አፈር ነው፤ በበጋ ይሰነጣጠቃል፣ ስንጥቁ ክንድ ይውጣል። ኳሷ እዚያ ከገባች ደህና ሰንብች ነው። እኔ የማስበላው ይበዛል። እሱ ግን ስንጥቆቹን ከልቡ ያውቃቸዋል፣ በመካከላቸው ያሳርፋታል። ሁለት ምት፣ አሸዋው ጫፍ ይደርሳል። ሦስተኛው ጉድጓዱ አጠገብ ያስቆማታል። ከዚያ አራተኛው። አራተኛው ነበር ደሙን የሚመጥጠው። ኳሷ ቀለበቷን ነክታ ትመለሳለች፣ ወይ በላይዋ ታልፋለች፣ ወይ ዞራ ዞራ ከአፏ ላይ ትቆማለች።

ሲመሽ ግራሩ ሥር ጀሪካን ላይ ቁጭ ብለን የምናወራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የት ልንደርስ እንችል እንደነበር።

«አንተ የት ትደርስ ነበር?» ይለኛል።

«እኔ? ሆዴ ኳሷን ከልሎብኛል። የት እደርሳለሁ!»

«ሳትወፍር ብትጀምርስ?»

«ሳልወፍርማ ሞኝ ነበርኩ።»

ይስቃል። ከዚያ ወደ ራሱ ይመለሳል። «እኔ በአሥር ዓመቴ ብጀምር ኖሮ… አስተማሪ፣ ሣር፣ ጫማ ቢኖረኝ… አሁንም እኮ አልረፈደም። ያ ሽማግሌ ስንት ዓመቱ ነው? ሃምሳ እስኪሞላኝ ብለማመድ፣ አያ አኑዋር፣ እውነቱን ንገረኝ፣ ምን እሆናለሁ?»

«ሃምሳ ሲሞላህ ወገብህ ይይዝሃል።»

«እሺ፣ ከወገቤ በፊት?»

ክንዱ የተለየ ነገር እንዳለው ዓይን ያለው ሁሉ ያያል፤ ኳሷ ግን አትገባም። የማትገባ ኳስ ይዤ ትደርሳለህ ልለው አልችልም። «አላውቅም» እለዋለሁ። እሱም «አንተ አታባብልም፣ ለዚህ ነው የምጠይቅህ» ይልና ከረጢቱን ያነሳል።

ሁለት በጋ እንዲህ አለፈ። በካምፕ የሚሰፈረው እህል እየሳሳ ሄደ። ከተማም መብራት መጥፋት ጀመረ፤ ያለ መብራት በያጅ ምን ይሠራል? «ስምህ መብራህቱ፣ ሥራህ በመብራት፣ መብራት የለም» እያልኩ እቀልድበት ነበር። መጀመሪያ ላይ ይስቅ ነበር።

በሁለተኛው በጋ መጨረሻ፣ ደመናው በኢትዮጵያ በኩል መከመር ሲጀምር፣ አንድ ነገር ተፈጠረ። መብራህቱ በአራት ጨረሰ። በማግስቱም። በሦስተኛው ቀንም። እኔ ለባሕሪያ እንኳ አልነገርኩም፤ የሚፈስ ነገር የያዝኩ ያህል በእርጋታ እሄድ ነበር። አራተኛው፣ አምስተኛው፣ ስድስተኛው ቀን በአራት አለቀ። ስድስተኛው ቀን ስንመለስ መንገድ ላይ «ልጄ ዶሃ ትምህርት ቤት ብትገባ በምን ቋንቋ ነው የሚያስተምሩ?» አለኝ። ስለ ልጁ ትምህርት ሲያወራ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሰባተኛው ቀን ነፋስ ነበር። በሦስት ምት ጉድጓዱ አጠገብ ደረሰ፤ ከኳሷ እስከ ቀለበቷ አንድ ሰው ተኝቶ አይሞላም። ጎንበስ አለ። ገፋ አደረጋት። ኳሷ ቀጥ ብላ ሄደች፣ የቀለበቷን ጠርዝ ያዘች፣ አንዴ ዞረች፣ ሁለቴ ዞረች፣ ቆመች። ግማሽ ጎኗ ከባዶው በላይ ነው። ቆመን አየናት። ነፋሱ እንኳ አልገፋትም።

«አልገባችም» አልኩ። ሌላ ምን ልበል?

«አልገባችም» አለ።

«ደውልለት። ስድስት ቀን በለው።»

«ስድስት ቀን አላለኝም።»

«ታዲያ ሰባተኛውን ማን አየ? እኔና ግራሯ ነን።»

«እኔም አይቻለሁ» አለና ዱላዎቹን አንድ በአንድ ጠርጎ ከረጢቱ ውስጥ ከተታቸው። እንደገና አልጀመረም። ቅስሙ ያን ቀን ተሰበረ፣ ስብራቱን ሰማሁት ብል አልዋሸሁም። ሳምንት ሳይሞላ በሾዋክ በኩል ወደ ሊቢያ የሚያሻግሩ ሰዎች አገኘ። አጥብቄ ተቆጣሁት፤ በረሃው ሰው ይበላል፣ ሚስትህን ለማን ትተዋለህ፣ አንተ ደደብ ነህ ወይ አልኩት። ሰማኝ። ስጨርስ «እዚህስ ምን እየሆንኩ ነው?» አለኝ። አንዲት የቀረችንን ኳስ መዳፌ ላይ አስቀምጦልኝ ሄደ።

እሱ በሄደ በቀናት ውስጥ ስልኬ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር፣ ጥርት ያለ መስመር። ኢሀብ ነው።

«ዓሚ አኑዋር! ከይፈክ? ደህና ነህ? ያ በያጁ ሰውዬ የት አለ? ለምን አልደወለም? እዚህ ቦታ ተገኝቷል፣ እሱን እያሰብኩ ነው።»

«አልሆነለትም» አልኩት። «ስድስት ቀን በአራት ጨረሰ፣ በሰባተኛው ፍንጃሏ አፍ ላይ ቆመችበት።»

«የምን ፍንጃል?»

«አንተ ያልከው ነዋ። ጉድጓዱ። በፍንጃል አፍ ልክ ቀለበት ሠርቶ ቀብሮታል።»

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «አሎ? አሎ?» አልኩ።

«ዓሚ… የቡና ፊንጃን?»

«ሌላ ፍንጃል አለ እንዴ?»

መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ዋጠው። «ስሙ ነው እንጂ ዓሚ፣ ስሙ ብቻ! ጉድጓዱ ሰፊ ነው። የዱቄት ወተት ቆርቆሮ፣ ያ ትልቁ፣ እሱ ነው ልኩ። እጅ ሙሉ ይገባል።» ትንፋሹ ይሰማኛል። «በቡና ፊንጃን ነው ስድስት ቀን በአራት የጨረሰው? በዚያ ሜዳ ላይ? በእነዚያ ዱላዎች? ያ ረብ! እኔ አንድ ቀን አልችልም። እዚህ ካሉት ማን ይችላል? ስጠኝ፣ አሁን ላናግረው።»

«የለም።»

«መቼ ይመጣል?»

«ሄዷል፣ ኢሀብ። በሊቢያ ሄዷል።»

ምን ብሎ እንደዘጋ አላስታውስም። መብራህቱ ጋ ደወልኩ፤ ዝግ ነው። ያሻገሩት ሰዎች ጋ ሰው ላክሁ፤ መኪናው በረሃ ከገባ ቆይቷል አሉ። ከባሕሪያ ጓዳ የወተቱን ቆርቆሮ አንስቼ፣ የቀረውን ዱቄት ሳህን ላይ ገልብጬ፣ እየጮኸችብኝ ወጣሁ።

ሜዳው ገና አልታረሰም ነበር። ቀለበቷን ነቅዬ ቆርቆሮውን በቦታው ቀበርኩት። ኳሷን በሰባተኛው ቀን ከነበረችበት አስቀመጥኳት። እኔ ማለት ሆዳሙ፣ ኳስ ለዋልካ ሲያበላ የኖረው አኑዋር፣ ገፋ አደረግኋት። ጠማማ መትቼ ነበር። ቢሆንም ገባች። ሳትዞር፣ ሳትነካ፣ ቆርቆሮው ውስጥ ቃ ብላ ገባች። አሸዋው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ሽማግሌ ሰው በዘይት አሸዋ ላይ ቁጭ ብሎ ሲያለቅስ አንድ የግመል እረኛ አየኝና መንገዱን ቀየረ።

ከዚያ ዝናቡ መጣ፣ ትራክተር ገብቶ ግራሯ ድረስ አረሰው፣ ማሽላ ተዘራ። ቆርቆሮውን ሱቅ አምጥቼ ብሎን አጠራቅምበታለሁ።

ማሽላው ጉልበት ሲደርስ መብራህቱ ደወለ፣ በሰው ስልክ፣ ከሊቢያ። በሕይወት አለ። ድምፁ ቀጥኗል። አንድ ግቢ ውስጥ ብዙ ሆነው እንደተዘጋባቸው፣ ባሕሩን የሚሻገሩበትን ቀን እንደሚጠብቁ ነገረኝ። ስለ መብርሂት ጠየቀ፤ ደህና ናት አልኩት፣ እውነትም ደህና ናት። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አያ አኑዋር፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሳትሸፋፍን ንገረኝ።»

«ጠይቅ።»

«እዚህ ሥራ የለም፣ ቁጭ ብዬ አስባለሁ። ያቺ ኳስ ከዓይኔ አልጠፋ አለች። ያን ቀን ብደውልለት ኖሮ እያልኩ… ምናልባት ትንሽ ጎድሎኝ ነው የቀረሁት እላለሁ። ምናልባት እዚያ ብሆን ትልቅ ነገር እሆን ነበር እላለሁ። ይሄ ሐሳብ ከረሃቡ ይብሳል። ሌሎቹ ሲተኙ እኔን አያስተኛኝም። አንተ አይተኸኛል። እደርስ ነበር? ወይስ ዝም ብዬ ነው የምቃጠለው?»

ቆርቆሮው ፊት ለፊቴ ነው፤ ከነብሎኑ። እጄን ከተትኩበት። ሙሉ እጄ ገባ።

ብነግረው ምን ያደርግበታል? ወደ ኋላ አይመለስ፣ ወደ ፊት ዶሃ አይገባ። በዚያ ግቢ ውስጥ በኳሷ ፋንታ ሌላ እሳት ልለኩስበት ነው? ባልነግረውስ የእሱ የሆነውን አንድ ነገር ልሰርቀው አይደል? ይህን ሁሉ ያሰብኩት እሱ አንድ ጊዜ እስኪያስል ድረስ ነው።

«አትደርስም ነበር» አልኩት። ዓይኔን በጨው አጥቤ። «እጅህ ለብየዳ ነው። ለዚያ አልተፈጠረም። ስድስቱም ቀን በአጋጣሚ ነው።»

ረጅም ትንፋሽ ሲያወጣ ሰማሁ።

«እውነትህን ነው?»

«መቼ አባብዬህ አውቃለሁ?»

«የለም። አባብለኸኝ አታውቅም።» ሳቀ፣ ደህና ሳቅ፣ የድሮውን ሳቅ። «ተባረክ፣ አያ አኑዋር። አሳረፍከኝ። ዛሬ እተኛለሁ።»

መስመሩ ተቋረጠ። ስልኩን ቆርቆሮው አጠገብ አስቀመጥኩ። አንድ ሹፌር በሩ ላይ ቆሟል፤ ከኋላው ኮፈኗ የተከፈተ ሎሪ ጥቁር ጭስ ትተፋለች።

«አያ አኑዋር፣ ይቺ ሞተር ትድን ይሆን?» አለኝ።

«ትድናለች» አልኩት። ቀና ብዬም አላየኋት።